ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጭፈራ ስለሚሄዱ ልጆች የተሰጠ ምክር

ልጅን ከቤት ሳያወጡ ማሳደግ የተቻለበት ዘመን ኖሮ እንደ ሆነ እኛ አላየነውም። ልጅ እግር ሲያወጣ ወደ ደጅ፥ ሲጐረምስም እኩዮቹ ወደሚሰበሰቡበት መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ የወላጅ ሥራ በር ዘግቶ መቀመጥ ብቻ ሳይሆን፥ የሚወጣው ልጅ እንዴት እንደሚወጣና እንዴት እንደሚመለስ አስተምሮ መስደድ ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንጽፈው የደሴና የኮምቦልቻ ወጣቶች ስለሚያወሩለት ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሌሊት ጭፈራ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በገዛ ቤተ ዘመዳችን የሆነው ነገር ነው። ደሴ የሚኖረው ታላቅ ወንድማችን ሃያ ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ አለችው። ባለፈው ዓመት በአንድ የኮምቦልቻ ሆቴል ግቢ እንዲህ ያለ ጭፈራ እንደሚደረግ ሰምታ «አባዬ፥ ከጓደኞቼ ጋር ልሂድ፤ ይፍቀዱልኝ» ብላ ለመነች። አባቷም «በሌሊት፥ በብልጭታ መካከል፥ ማን ማን እንደ ሆነ በማይለይበት ቦታ ምን ትሠሪያለሽ? አትሄጂም» አላት። እርስዋም ወደ እኛ መጥታ «ጋሼ፥ እርስዎ ይንገሩልኝ» አለችን።

የወንድማችን ፍርሃት ከንቱ አልነበረም። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓመተ ምሕረት ሁለቱ ከተሞች በጦርነት በተያዙ ጊዜ ልጁን በየመንገዱ ሲፈልግ የሰነበተ ወላጅ ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅ ሲያመሽበት ስልኩን ይዞ ቁጭ ብሎ የሚያድር ሰው ቢኖር የሚነቀፍ አይደለም።

ነገር ግን አንድ የጎረቤት ልጅ ትዝ አለን። እርሱም እንደ እርስዋ «አትሄድም» ተብሎ ነበር፤ ለጥናት ነው ብሎ በስውር ሄደ። ሌሊቱን ሙሉ በድምፅ ማጉያው ሥር ሲጨፍር አድሮ ግራ ጆሮው እየጮኸበት ተመለሰ። የት ነበርህ እንዳይባል ፈርቶ ሦስት ሳምንት ደበቀ። ሐኪም ዘንድ በደረሰ ጊዜ «ምነው በመጀመሪያዎቹ ቀኖች በመጣህ» ተባለ። እስከ ዛሬ በዚያ ጆሮው ቢጠሩት አይሰማም። ጆሮውን የጎዳው ድምፁ ነው፤ የሕክምናውን ጊዜ ያሳለፈበት ግን መደበቁ ነው። ይህንን ለወንድማችን ነግረን «መከልከሉ መብትህ ነው፤ ነገር ግን ከልክለሃት በስውር ብትሄድ ምን እንደምታጣ አስብ» አልነው። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ «እንግዲያስ ነገሩ ምን እንደ ሆነ መጀመሪያ ንገሩኝ» አለ። ለእርሱ የነገርነውን ለእናንተም እንጽፋለን።

ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚባለው ድምፁ በክርና በትንፋሽ ሳይሆን በኤሌክትሪክ መሣሪያና በኮምፒዩተር የሚዘጋጅ ዘፈን ነው። ዲጄ የተባለው ሰው አንዱን ዘፈን ከሌላው ጋር ሳያቋርጥ እያያያዘ ያጫውታል። ምቱ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ይደርሳል። ከበሮው ድንገት ይጠፋል፤ ሰው ሁሉ እጁን አንሥቶ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ከፊተኛው በረታ ብሎ ይመለሳል። ዝግ ብሎ ጀምሮ እየጠነከረ በሚሄድ የሠርግ ጭፈራ ላይ የቆመ ሰው የዚህ ነገር ጣዕም ፈጽሞ አይጠፋበትም።

ጭፈራው በዛሬ መልኩ ያደገው በአሜሪካ አገር ነው። በቺካጎ ከተማ ዌርሃውስ በሚባል የጭፈራ ቤት፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1977 ጀምሮ ፍራንኪ ናክልስ የሚባል ዲጄ ያጫውት ነበር፤ ሃውስ የተባለውም የዘፈን ዓይነት ስሙን ከዚያ ቤት እንዳገኘ ይነገራል። ይሁን እንጂ ነገሩ ከእኛ ፈጽሞ የራቀ አይደለም። በ1944 በካይሮ ከተማ ሐሊም ኤል ዳብ የሚባል ግብጻዊ የዛር ሥርዐት የሚያደርጉ ሴቶችን ድምፅ በሽቦ መቅጃ ቀድቶ፥ ድምፁን በመሣሪያ እየለወጠ አዲስ ሙዚቃ ሠራ። ይህ ሥራ በዓለም ከቀደሙት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። ይኸው ሰው ኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፥ በ1963 ክራርን፥ መሰንቆን፥ ዋሽንትንና በገናን በአንድ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ።

በ1985 ደግሞ ኃይሉ መርጊያ በአሜሪካ አገር ሆኖ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ከበሮ ጋር አዋሕዶ የቀዳው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ በብዙ አገር ተሰማ። በኛ ዘመን እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የአገርን ድምፅ በኮምፒዩተር እየሠሩ በውጭ አገር አሳትመዋል። ሮፍናን ኑሪም በ2010 ዓመተ ምሕረት «ነጸብራቅ» የሚለውን አልበም ባወጣ ጊዜ ይህ ሙዚቃ ብዙ የኢትዮጵያ ወጣት ዘንድ ደረሰ። የወሎ ሰው ደግሞ በዚህ ነገር ልዩ ድርሻ አለው። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆዬ ከሚባሉት አራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የአገራችንን ስም ይዘዋል፤ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ያለችው የገበያ ከተማ ናት፥ አምባሰልም ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው ተራራማ አገር ነው። የኤሌክትሪክ መሣሪያ ቅኝት አያጠፋም፤ አጥፊውም አልሚውም የሚጫወተው ሰው ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ከሆነ፥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ልጅ ሊያውቀው የሚገባውን በተራ እንጻፍ።

1ኛ፤ ሳይሄዱ መጠየቅ። አዘጋጁ ማን ነው? ቦታው የት ነው? በስንት ሰዓት ተጀምሮ በስንት ሰዓት ያልቃል? የከተማው አስተዳደር ያወጣው የሰዓት ገደብ አለን? ይህን የማይመልስ የመግቢያ ወረቀት ሻጭ ሲያጋጥም ገንዘብን በኪስ መያዝ ይሻላል። ብቻን አለመሄድ፤ ሦስት ወይም አራት ሆኖ፥ አብሮ ገብቶ አብሮ ለመውጣት ቃል መግባት። በጩኸት መካከል ስልክ አይሰማምና፥ ቢጠፋፉ የሚገናኙበትን አንድ ቦታ በብርሃን ሳሉ መምረጥ።

2ኛ፤ የመንገድ ነገር። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም፥ በመካከላቸው ያለው የሐረጎ መንገድ ጠመዝማዛና ጉም የሚያዘወትረው ነው። እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን የሌሊት መኪና አደጋ መዝገብ ብዙ ገልብጠናል፤ መጠጥ የቀመሰ ሹፌር ያልተጠቀሰበት ጥቂት ነው። ስለዚህ የደሴ ልጅ ኮምቦልቻ ቢሄድ እዚያው ከዘመድ ቤት ይደር፤ የኮምቦልቻም ልጅ ደሴ ቢወጣ እንዲሁ ያድርግ። የሚያድርበት ዘመድ የሌለው ያልጠጣ ሹፌር አስቀድሞ ይያዝ።

3ኛ፤ የልብስ ነገር። ጭፈራው ሰዓታት የሚያቆም ስለ ሆነ ጣትን የሚሸፍን የለመዱት ጫማ ያስፈልጋል፤ አዲስ ጫማና ረጅም ተረከዝ ለሌላ ቀን ይቈዩ። ደሴ ከኮምቦልቻ እጅግ ከፍ ያለች ከተማ ናትና ሌሊቷ ይበርዳል። አልቦት የወጣ ሰው በዚያ ብርድ እንዳይመታ ካፖርት ወይም ጋቢ አይርሳ።

4ኛ፤ የጆሮ ነገር። ይህን ከሁሉ አብልጠን እናሳስባለን፤ የተጎዳ የጆሮ ሕዋስ እንደገና አይበቅልምና። በአሜሪካ የሠራተኞችን ጤና የሚያጠናው መሥሪያ ቤት እንደሚመክረው፥ ሰው 85 ዴሲቤል የሚደርስ ድምፅን በቀን እስከ 8 ሰዓት ቢሰማ ይችለዋል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር ግን ጊዜው በእኩሌታ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው ደንብ፥ በእንዲህ ያለ ስብሰባ አማካዩ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፥ ለሰውም የጆሮ መድፈኛና ጸጥ ያለ የማረፊያ ቦታ እንዲዘጋጅ መክሯል። አዘጋጆች ይህን ሁልጊዜ ስለማያደርጉ ልጁ ራሱን ይጠብቅ። ከስፖንጅ የተሠራውን የጆሮ መድፈኛ በጣት ጠቅልሎ አቅጥኖ፥ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ማስገባት፥ እስኪነፋም በጣት ደግፎ መያዝ ነው። ጥጥ መጐስጐስ ብዙ አይጠቅምም። ከድምፅ ማጉያው መራቅ፥ በየሰዓቱም ጥቂት ወደ ውጭ ወጥቶ ጆሮን ማሳረፍ ይገባል።

5ኛ፤ የሕዝብ ብዛት ነገር። በጀርመን አገር በዱይስቡርግ ከተማ፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በሐምሌ 24 ቀን 2010፥ ላቭ ፓሬድ በተባለው የዚሁ ሙዚቃ በዓል ላይ 21 ወጣቶች ሞቱ። ምክንያቱም የሚገባውና የሚወጣው ሕዝብ በአንድ ጠባብ መንገድ መገናኘቱ ነበር። በእንዲህ ያለ ግፊያ ሰው የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ተረግጦ ሳይሆን፥ ደረቱ ተጨንቆ ትንፋሽ አጥቶ ነው። ስለዚህ እንደ ገቡ ወዲያው ሌላ መውጫ በር የት እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። ክንድን ማንቀሳቀስ ከማቃቱ በፊት ወደ ጎን ፈቀቅ ማለት፤ ግፊያው ከያዘ እጅን በደረት ፊት አጥፎ ለሳንባ ቦታ መተው፥ ከሚገፋው ጋር አለመታገል፥ ገፋ አድርጎ ሲለቅ በአግድም ወደ ዳር መውጣት። ስልክ ቢወድቅ ጐንበስ ብሎ አለመፈለግ፤ ስልክ ይገዛል።

6ኛ፤ የመጠጥና የመብራት ነገር። በ2011 ዓመተ ምሕረት የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ይህን ልጅም ሻጭም ይወቅ። ክዳኑ በፊት ያልተከፈተ መጠጥ አለመቀበል፥ የራስን ብርጭቆ ትቶ አለመሄድ፥ ማንም የሚሰጠውን ኪኒን አለመዋጥ። የሚጨፍር ሰው ያልበዋልና ውኃ በየጊዜው ይጠጣ። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ከ100 ሰዎች 3 ያህሉ በብልጭታ መብራት ይነሣባቸዋልና፥ ይህ ሕመም ያለበት ልጅ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ሰው ወድቆ ቢገኝ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፥ ፖሊስም በ991 ይጠራል።

7ኛ፤ የጨዋነት ነገር። ይህ በተለይ ለወንዶች ልጆቻችን ነው። ሴት ልጅ ልትጨፍር መምጣቷ ለማንም የሰጠችው ፈቃድ አይደለም። «አልፈልግም» ካለች ነገሩ አለቀ፤ ዝም ካለችም ፈቀደች ማለት አይደለም። የማያውቋትን ሴት ሳታውቅ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣትና ለሰው መበተንም ነውር ነው። ከቤቱ ጨዋነትን ይዞ የወጣ ልጅ በጨለማም እንደ ያዘው ይመለሳል።

8ኛ፤ ከተመለሱ በኋላ። ጆሮ በማግሥቱም መጮኹን ካልተወ ወይም መስማት ከቀነሰ፥ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እንጨምራለን። ልጃችሁን ስትሰዱ «ምንም ነገር ቢያጋጥምህ ደውል፤ በዚያች ሌሊት ቁጣ የለም» ብላችሁ ቃል ስጡ፥ ቃላችሁንም ጠብቁ። ተግሣጽ ለማግሥቱ ይደርሳል። የአባቱን ቁጣ የሚፈራ ልጅ በጨነቀው ሰዓት የሚጠራው የማያውቀውን ሰው ነው።

ወንድማችንም ይህን ሁሉ ሰምቶ ፈቀደ። ልጂቱ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ወረደች፤ ኮምቦልቻ ካለችው አክስቷ ቤት ለማደር፥ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ለመደወልም ተስማማች። በሰዓቱ ደወለች። አባቷ ተኝቼ ነበር ቢላትም፥ ስልኩ ገና በመጀመሪያው ጥሪ መነሣቱን እርስዋም እኛም ታዝበናል። በማግሥቱ ወደ ደሴ በወጣች ጊዜ፥ አባቷ ቡናው እስኪቀርብ ታግሦ «ለመሆኑ ምን ሲጫወቱ አደሩ?» ብሎ ጠየቃት። እርስዋም ከስልኳ አንዱን ዘፈን ከፈተችለት። በመጀመሪያ በከበሮው ፊቱን አጨፈገገ፤ ጥቂት ቈይቶ ግን ራሱን ቀና አድርጎ «ይህማ ባቲ አይደለምን?» አለ። ልጂቱም «ነው፥ አባዬ» አለችው። «እስቲ ድገሚው፤ ከበሮውን ግን ቀነስ አድርጊው» አላት።