ሱንጥ፦ የዓባይ ክረምት የሚያጠጣው የካርቱም ደን

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ ካርቱም ላይ የሚገናኙበት ሰፈር አል-ሞግራን ይባላል። ከመገናኛው ጥቂት ወደ ደቡብ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከተማዋ በደንብ የምታውቀው ደን ነበር፦ ሱንጥ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲም ሆነ አል-ኒሌን ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ብዙ አይርቁም። ተማሪው ለጥናት፣ ቤተሰቡ ለሽርሽር፣ ሻይ ሻጯ ለገበያ ወደዚያው ያመሩ ነበር። መሬቱ በሚደርቅባቸው ወራት በግራሮቹ መካከል የሚያልፉት የእግር መንገዶች የከተማውን ሙቀት ያስረሱ ነበር።

ደኑ ስሙን ያገኘው ከዛፉ ነው። ሱዳናውያን ሱንጥ የሚሉት የወንዝ ዳር ግራር ቢጫ ድቡልቡል አበባና ረጅም እሾህ አለው። እንጨቱ ከባድና ጠንካራ ስለሆነ ጀልባም የባቡር ሐዲድ አግዳሚም ይሠራበታል። ገረድ የሚባለው ፍሬው ቆዳ ፋቂዎች ቆዳ የሚያለፉበት ነው። በጥቁር ዓባይ ዳር ያሉ ሌሎች የሱንጥ ደኖች ለእንጨት ሲባል በዕቅድ እየተቆረጡ እንደገና ይዘሩ ነበር። የካርቱሙ ግን ዕጣው ሌላ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1939 ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ለወፎች መጠለያነት ተከለለ።

የዚህ ደን ትልቁ ምስጢር ውሃው ነው። ደኑ የቆመው በነጭ ዓባይ ዳር ይሁን እንጂ ያጥለቀልቀው የነበረው የጥቁር ዓባይ ጉልበት ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ሐምሌና ነሐሴ የጣለው ዝናብ ደለል ተሸክሞ ካርቱም ሲደርስ፣ ዝግ ብሎ በሚፈሰው ነጭ ዓባይ ላይ እንደ በር ይዘጋበት ነበር። መውጫ ያጣው ነጭ ዓባይ ወደ ኋላ ተገፍቶ ዳርቻውን ይሞላ፣ ዛፎቹም ለሳምንታት ውሃ ውስጥ ይቆሙ ነበር። ብዙ ግራር በዚህ ይሞታል፤ ሱንጥ ግን ይለመልማል። ጎርፉ ሲሸሽ እርጥብ ጭቃና ኩሬ ይቀር ነበር። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎችና ሌሎች የውሃ ወፎች የሚያርፉትም እዚያ ነበር። ጎንደርና ጎጃም ላይ የዘነበው ዝናብ በካርቱም የወፍ ማረፊያ ያዘጋጅ ነበር ማለት ነው።

ከቅርቡ የሱዳን ጦርነት በፊትም ደኑ ስጋት አላጣውም። ከጎኑ ባለው የሞግራን መሬት ላይ የቢሮ ፎቆችና የንግድ ማዕከል ለመገንባት የተነደፈው ግዙፍ ዕቅድ የአካባቢ ተቆርቋሪዎችን አሳስቦ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ውጊያ ሲነሳ ደግሞ ጠባቂው ጠፋ። የማብሰያ ጋዝና መብራት በተቋረጠበት ከተማ ምጣድ የሚጣደው በእንጨትና በከሰል ሆነ፤ መጥረቢያውም ወደ ደኑ ዞረ። ሠራዊቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ካርቱምን መልሶ ሲይዝ፣ ብዙው ደን ጉቶ ሆኖ ነበር።

ሱንጥ ግን ከዘር የሚመለስ ዛፍ ነው። ጠንካራ ልባስ ያለው ዘሩ የሚያድግበት እርጥብ መሬት ካገኘና ችግኙ ከመጥረቢያና ከፍየል ከተጠበቀ፣ ደኑ ከአንድ ትውልድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጥላ መስጠት ይችላል። የሚተክለው ባለሙያ ግን ሁለት ነገር ማሰብ ይኖርበታል። አንደኛው ማገዶ ነው፦ ጋዝ የሌለው ጎረቤት ያለው ደን አይቆይም። ሁለተኛው ጎርፉ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የክረምቱን ውሃ ይዞ ዓመቱን ሙሉ ይለቅቃል፤ ይህም ካርቱምን ከጥፋት ጎርፍ ሊጠብቅ ቢችልም፣ በጎርፍ ለሚኖረው ዛፍ ውሃው መቼና ምን ያህል እንደሚደርሰው ግን አሳሳቢ ያደርገዋል። ስለዚህ ስለ ግድቡ ውሃ አለቃቀቅ ኢትዮጵያና ሱዳን ሲነጋገሩ፣ ከእርሻና ከመብራት ጎን የወንዝ ዳር ደንም በሒሳቡ ውስጥ ሊገባ ይገባዋል።