ባድመን በቦኖሻ ማስታወስ



በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ፣ ባድመ የት እንደምትገኝ የሚያውቅ ሰው በእኛ በቦኖሻ ጥቂት ነበር። ዘማቾች ግን ከሀዲያም ሄደዋል። ዛሬ ስለዚያ ውሳኔ ስጠይቅ፣ አቶ መለስ ለምን ተዋጉ የሚል ወቀሳ እምብዛም አልሰማም፤ ይልቁንም ለምን አቆሙ ይባላል። የተማረው ወገን አሰብን ያነሣል።

ልጁ ያልተመለሰለት አባት የሚያነሣው ግን ሌላ ነው። በሚያዝያ 1994 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አቶ ሥዩም መስፍን ባድመ ለኢትዮጵያ እንደ ተወሰነች አበሠሩ፤ ሕዝቡም ደስ አለው። የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ ግን ከተማዋን ለኤርትራ የሚሰጥ ሆኖ ተገኘ። እኒህ አባት መዝመቱን ይቅር ብለዋል፤ ብሥራቱን ግን እስካሁን አልረሱትም። እኔም እፈርድላቸዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ የተዘነጋ ነገር አለ። መንግሥት ያንኑ ውሳኔ በኅዳር 1997 «በመርህ ደረጃ» ተቀብሎት ነበር፤ ሰላም ስላልተከተለው ግን ከነመኖሩ ተረሳ። ኢሕአዴግ በግንቦት 2010 «ሙሉ በሙሉ» ሲቀበለውና ሐምሌ 2 በአስመራ የሰላም መግለጫ ሲፈረም፣ ምስጋናው ሁሉ ለዶክተር ዐቢይ ሆነ፤ በ2012 የኖቤል ሽልማት ተጨመረበት። በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ፣ በ2010 ካጨበጨቡት ብዙዎቹ ያንኑ ሰላም የጦርነት መሰናዶ ነበር ይሉት ጀመር። ሰነዱ ግን ያው ነው፤ አንድ ቃል አልተለወጠበትም።