ጢሱ ያለበት ሥዕል

ባለፈው እሑድ ወልድያ እናቴ ዘንድ ቡና ተፈልቶ ሳለ፣ ልጄ በስልኳ የጃፓን ሥዕሎች ታሳየን ነበር። የሠዓሊው ስም ኡታማሮ ነው። ኤዶ በምትባለው፣ በዛሬዋ ቶኪዮ ሲሠራ ኖሮ በ1806 እ.ኤ.አ. ሞቷል። ሥዕሉ እንጨት ላይ ተቀርጾ ወረቀት ላይ የሚታተም ነው። ለየቀለሙ የራሱ እንጨት ይቀረጻል፤ ብዙ ቅጂ ስለሚወጣው ተራው የከተማ ሰውም ይገዛው ነበር።

እኔ የልብሳቸውን ጥለት ሳደንቅ እናቴ መነጽሯን አስተካክላ ወጥ ቤቱን አየች። አንዷ በቀርከሃ እሳቱን እፍ ትላለች። ሌላዋ ጢሱ በዝቶባት ፊቷን አዙራለች። ደበርጃን የምትልጥም አለች፤ አንዷ ጀርባ ላይ ደግሞ ሕፃን ተለጥፏል።

«እንጨቱ እርጥብ ሆኖባት ነው» አለች እናቴ። «ሰውየው ወጥ ቤት ገብቶ ያየ ነው።» ትንሽ ቆይታ ግን ሳቀች፤ «እንዲህ ያለ ፀጉር ተሠርቶ እሳት የሚያነድ ማነው?»

እውነቷን ነው። ኡታማሮ ይበልጥ የታወቀው በቆነጃጅት ሥዕሎቹ ነው፤ ጓዳ ሲገባም ውበቱን ትቶ አልገባም።

በእኛም ሥዕል የሴት ሥራ አለ። ቅዱስ ገብርኤል ሲያበስራት እመቤታችን እንዝርት ይዛ ትሳላለች። እናቴም መርሳ ሳለች ለአባቴ ጋቢ ፈትላለች፤ እንዝርቱ ዛሬም ከአልጋዋ ራስጌ አለ። ለእንግዳ በሚሸጡት የቡና ሥዕሎች ላይ ግን ጢስ አይቼ አላውቅም።

የእናቴ ዓይን ያለቅሳል። የማገዶ ጢስ ዓይንንም ሳንባንም ይጎዳል፤ ከምድጃ አጠገብ የሚውሉት ደግሞ እናቶችና ያዘሏቸው ልጆች ናቸው። ምርጥ ምድጃ ካስገባንላት ወዲህ የእንጀራው ጢስ ቀንሷል፤ ወጡን ግን አሁንም ጉልቻ ላይ ትጥዳለች። «ለምጄዋለሁ» ነው መልሷ።

ግድግዳው ላይ ያሉት ፎቶዎቿ ሁሉ የዓመት በዓልና የሠርግ ናቸው። ሰባት ልጅ ያሳደገችበት ጓዳ አንዱም ላይ የለም። ልጄ ምድጃው ዘንድ ላንሳሽ ስትላት ተቆጣች፤ «በዚህ ቀሚስ?» ነጠላዋን ቀይራ መጣች። ፎቶው ጢስ ሞልቶታል፣ ፊቷ በደንብ አይታይም። አጥፉት ብላናለች፤ እስካሁን አላጠፋነውም።