ካደንስ፦ በቆመ ብስክሌት ላይ የፔዳልን ዙር ማስተካከል

ካደንስ ብስክሌተኛ በአንድ ደቂቃ ፔዳሉን ስንት ሙሉ ዙር እንደሚያዞር የሚለካበት ቁጥር ነው። አብዛኞቹ የጂም ብስክሌቶች በመሪው ላይ ባለው ትንሽ መስኮት ያሳዩታል። መስኮቱ ከሌለ ቀኝ ጉልበት በ15 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ከፍ እንዳለ ተቆጥሮ በ4 ይባዛል፤ 20 ከሆነ ካደንሱ 80 ነው።

በዋት የሚለካው ጉልበት በሁለት ነገር ይወሰናል፦ እግር ፔዳሉን በሚረግጥበት ኃይልና በዙሩ ፍጥነት። የፔዳሉ ክንድ 17 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ በ60 ዙር 200 ዋት ለማውጣት በአማካይ ወደ 19 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ያስፈልጋል፤ በ90 ዙር ግን 13 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሥራው ያው ነው፣ ድካሙ ግን ቦታ ይለውጣል። ዝግ ያለ ዙር ጭንንና ጉልበትን ይጫናል፤ ፈጣኑ ትንፋሽን ያስቆርጣል።

ለጀማሪ ከ60 እስከ 80፣ ልምድ ላለው ከ80 እስከ 100 የተለመደ ነው። ለሁሉም የሚበጅ አንድ ቁጥር ግን የለም። ብስክሌተኛው ብራድሊ ዊጊንስ እ.ኤ.አ. በ2015 ለንደን ውስጥ በአንድ ሰዓት 54.526 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ካደንሱ 105 ገደማ ነበር፤ ዳገት ላይ ግን ብርቱ ብስክሌተኛም ወደ 70 ይወርዳል።

በጂም በብዛት የሚታየው ስህተት ማክበጃውን (ፔዳሉን የሚያከብደውንና የሚያቀልለውን) አላልቶ እግርን ማስሮጥ ነው። የብስክሌቱ ከባድ ጎማ በራሱ ግፊት እግሩን እየጎተተ ስለሚያዞረው ቁጥሩ ያምራል፣ ጡንቻው ግን ብዙም አይሠራም። ምልክቱም ዳሌ ኮርቻው ላይ መንጠር መጀመሩ ነው። ያኔ ማክበጃውን ጥቂት አጥብቆ ዙሩን ከ5 እስከ 10 መቀነስ ይበጃል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ በሚበረታበት በምዕራብ ጎጃም የቆመ ብስክሌት የዳገት መለማመጃ ሊሆን ይችላል። ከቡሬ ወደ እንጅባራ የሚወስደው አስፋልት ከ400 ሜትር በላይ ከፍታ ያስወጣል። ለዚያ የሚዘጋጅ ሰው ሰውነቱን ካሟሟቀ በኋላ ማክበጃውን አጥብቆ በ65 ዙር 5 ደቂቃ ይረግጣል፤ ከዚያ አላልቶ በ90 ዙር 3 ደቂቃ ያርፋል። ይህን ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም ለአንድ ቀን በቂ ነው።

ከፍታውም ይታሰብ። የምዕራብ ጎጃሟ ፍኖተ ሰላም ወደ 1,900 ሜትር ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ፈጣን ዙር ቶሎ ያስተነፍሳል። ስለዚህ ለቆላ አገር የተዘጋጀ የዋት ዕቅድ እንዳለ መወሰድ የለበትም። ደጋ ግን ብስክሌተኛ አያሳጣም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፀጋቡ ግርማይ የመቀሌ ልጅ ነው።

በዝግታና በክብደት ሲረገጥ የጉልበት ፊት ካመመ ልምምዱ ይቁም፤ ማክበጃው ይላላ፣ ኮርቻውም ዝቅ ብሎ እንደሆነ ይታይ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት በጥቂቱ ብቻ መታጠፍ አለበት።