ገንዘቡ በገባበት ሕጉም ይገባል

እ.ኤ.አ. በጃንዩወሪ 2025 አንድ የኬንታኪ ፌዴራል ፍርድ ቤት የባይደን አስተዳደር በትምህርት የጾታ መድልዎን ለሚከለክለው «ታይትል ናይን» ሕግ ያወጣውን ደንብ ዓመት ሳይሞላው ሻረው። ክርክሩ ዛሬም በስፖርት ውድድርና በልብስ መቀየሪያ ክፍል ላይ ነው። የሕጉ ጉልበት ያለው ግን ለትምህርት በሚሰጠው ገንዘብ ላይ ነው።

ፕሬዚዳንት ኒክሰን ጁን 23 ቀን 1972 የፈረሙት የትምህርት ማሻሻያ ሕግ፣ «ታይትል ናይን» በተባለው ክፍሉ፣ የፌዴራል ገንዘብ በሚያገኝ የትምህርት ፕሮግራም የጾታ መድልዎን ከለከለ። ኋላ «ፔል ግራንት» የተባለውን፣ አነስተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጠውን የማይመለስ ገንዘብ የፈጠረውም ይኸው ሕግ ነው። የኮንግረስ አባላቱ ኢዲት ግሪን፣ ፓትሲ ሚንክና በርች ባይ ታግለውለታል። የጦር አካዳሚዎችና አንዳንድ የሃይማኖት ተቋማትን የመሳሰሉት ከክልከላው ውጭ ሆነዋል።

ትልቁ ሙግት የተነሣው ፔንሲልቫኒያ በሚገኘው ግሮቭ ሲቲ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ ከመንግሥት በቀጥታ ገንዘብ ስለማይወስድ «ሕጉን አከብራለሁ» የሚለውን ቅጽ አልፈርምም አለ። አድልቷል ብሎ የከሰሰው አልነበረም። ነገር ግን ከ2,200 ያህል ተማሪዎቹ 140ዎቹ ፔል ግራንት ያገኙ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984፣ ገንዘቡ በተማሪው እጅ ቢያልፍም ለኮሌጁ የተሰጠ ድጋፍ ነው ሲል በየነ፤ በዚህ ልክ ነበር። ሕጉ የሚገዛው ግን የኮሌጁን የተማሪ ድጋፍ ፕሮግራም ብቻ ነው አለ፤ በዚህ ተሳስቷል። አንዲት ተማሪ ድጋፍ ስትጠይቅ የሚጠብቃት ሕግ ስፖርት ሜዳ ስትገባ ሊከዳት ሆነ ማለት ነው።

ኮንግረስ በ1988 የፕሬዚዳንት ሬጋንን ቪቶ ሽሮ፣ አንዱ ክፍል ገንዘብ ከወሰደ መላው ተቋም በሕጉ እንዲገዛ ደነገገ። ግሮቭ ሲቲ ከ1984ቱ ፍርድ በኋላ ከፔል ፕሮግራም፣ በ1996ም ከፌዴራል ብድር ወጣ። አቋሙን ባልጋራውም ዋጋ ከፍሎበታል፤ ገንዘቡን እየወሰደ ግዴታውን ከሚሸሽ ተቋም ይሻላል።

አሁን ደግሞ ከግብር ነፃ መሆን ራሱ እንደ ድጋፍ ይቆጠራል ወይ የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። አራተኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2024 አይቆጠርም ብሏል። ደንቦቹ ፕሬዚዳንት በተቀየረ ቁጥር ይቀያየራሉ፤ የ1988ቱ ሕግ ግን አለ።

አሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች፣ ከልጃችሁ ጋር የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ገንዘብ መጠየቂያውን «ፋፍሳ» ስትሞሉ ይህን አስቡ፦ ያን ገንዘብ የሚቀበል ኮሌጅ ሴት ልጃችሁን በእኩል የማስተናገድ ግዴታ አለበት። የታይትል ናይን አስተባባሪ መመደብም ግዴታው ነው። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚገኝም ዛሬውኑ ጠይቁ።