ከኦቨርዶዝ ተርፎ ከድንገተኛ ክፍል የወጣ ሰው ቀጥሎ ምን ይጠብቀዋል?



በፈንታኒል፣ በሄሮይን ወይም በሌላ ኦፒዮይድ ትንፋሹ ሊቆም የደረሰን ሰው ናሎክሶን የተባለው መድኃኒት በደቂቃዎች ይመልሰዋል። ግን አደጋው በዚህ አያበቃም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በተሰራ ጥናት፣ ከኦቨርዶዝ ተርፈው ድንገተኛ ክፍል ከታከሙ 100 ሰዎች 5 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሞተዋል። ከሞቱትም ከአምስቱ አንዱ ያህል በመጀመሪያው ወር።

👉 ለምን?
ናሎክሶን ሱሰኛውን በአንዴ ያስነቃዋል፤ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሰውነቱን ይቆረጣጥመዋል። ስለዚህ ቶሎ ወጥቶ ደግሞ መውሰድ ያምረዋል። ሀፍረቱም አለ፤ የሐኪም ምክር አይገባለትም።

👉 ምን ተደረገ?
የሮድ አይላንድ ግዛት በ2014 አንድ አሰራር ጀመረ። ድንገተኛ ክፍሉ ሲደውል፣ ራሱ ከሱስ ያገገመና የሰለጠነ ሰው ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ይመጣል። «እኔም አልፌበታለሁ» የሚል ሰው ይሰማል!

ይህ ሰው፦
✅ ሳይፈርድ ያዳምጣል
✅ ቡፕረኖርፊን ወይም ሜታዶን ከሚሰጥበት ህክምና ጋር ያገናኛል
✅ ናሎክሶን ስለ መያዝ ያስረዳል
✅ ከሆስፒታል ከወጣም በኋላ ይደውላል

ሐኪም ግን አይደለም፤ መድኃኒት አያዝም፣ ህክምናን አይተካም።

📌 አሜሪካ ላላችሁ፦ የናሎክሶን የአፍንጫ ስፕሬይ ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ይሸጣል። ከሰጣችሁ በኋላ 911 ደውሉ፤ የናሎክሶኑ ኃይል ቶሎ ስለሚያልቅ ትንፋሹ ተመልሶ ሊቆም ይችላል። ሆስፒታል ስትደርሱ ደግሞ «ፒር ሪከቨሪ ኮች አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳትጠይቁ ይዛችሁት አትውጡ።

ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉ 🙏