ከዘመቻው ማግስት፦ የአዲስ አበባ ጽዳትና በጎ ፈቃደኛው

ኅዳር 12 ቀን ማለዳ አዲስ አበባን ከእንጦጦ አፋፍ ቁልቁል ላያት ሰው ከተማዋ ጭስ ተከናንባ ነው የምትታየው። የየደጁ ጉድፍ ተጠርጎ ይቆለላል፤ ቅጠሉ፣ ቡትቶው፣ የተቀደደው ጫማ፣ አሁን አሁን ደግሞ ፌስታሉና ሃይላንዱ ላዩ ላይ ይጣልና እሳት ይለቀቅበታል። ሰዉ «ኅዳር ሲታጠን» ይለዋል። የሚያዝዝ ሰው የለም፣ ስም ጠሪ የለም፣ የውሎ አበል የሚባል ነገርም አይነሳም። ልጅ እናቱ ስትጠርግ አይቶ፣ እሷም እናቷን አይታ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ የሰፈር ሥራ ነው።

መነሻው የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ነው። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲገባ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሰው ረገፈ፤ በከተማዋ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ነዋሪው ቆሻሻውን እየሰበሰበ አቃጠለ፣ በሽታውም ሄደ፣ ልማዱ ግን ቀረ። ዛሬ የከተማዋ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች «እባካችሁ አታቃጥሉ» ሲሉ ይሰማል። እውነት አላቸው፤ ያኔ ይጤስ የነበረው ቅጠልና ጨርቅ ነበር፣ የዛሬው ፕላስቲክ ነው፣ የፕላስቲክ ጭስ ደግሞ ለሳንባ መርዝ ነው። ነዋሪው ግን መጥረጉን አልጠላም። የተጠረገው ወዴት እንደሚሄድ ነው ያልተነገረው። የአዲስ አበባ የጽዳት ጥያቄ ትውልድ ሲሻገር የኖረውም በፈቃደኛ እጦት አይመስለኝም። ክምሩ ከደጅ ከተነሳ በኋላ ባለቤት የለውም።

የበጎ ፈቃድ ነገር ሲነሳ መደበቅ የሌለበት አንድ ጥላ አለ። ቀበሌዎች ከተቋቋሙ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ዘመቻ የዕለት እንጀራ ሆኖ ነበር። የሰፈር ጽዳት፣ የቦይ ጠረጋ፣ የችግኝ ተከላ፣ ሁሉም በጡሩንባ ይጠራል፤ የቀረ ሰው ስሙ ይያዝበታል፣ የስኳሩና የዘይቱ ራሽን የሚታደልበት ሱቅም የዚያው የቀበሌው ነው። በዚያ ዘመን ያደገ ሰው ዛሬም «ነዋሪው በነቂስ ወጥቶ» የሚለውን ዜና ሲሰማ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። የፈቃድና የትእዛዝ ድንበር እንዲህ የደበዘዘበት ከተማ ውስጥ ወጣቱን «በራስህ ተነሣ» ማለት ቀላል ሥራ አይደለም።

ይህን ድንበር ለጥቂት ዓመታትም ቢሆን የለየው የሙዚቃ ሰው ነው። ድምፃዊውና ክራር ደርዳሪው ስለሺ ደምሴ፣ ሕዝቡ በሚያውቀው ስም ጋሽ አበራ ሞላ፣ ከአሜሪካ ተመልሶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባን ወጣቶች አስነሣ። ያኔ የየመንገዱ ማዕዘን ሽንት ቤትም ቆሻሻ መጣያም ነበር። ልጆቹ አካፋና ዶማ ይዘው ጠረጉት፣ ድንጋይ ደረደሩ፣ ቀለም ቀቡ፣ አበባ ተከሉ። «ጋሽ አበራ ሞላ» የሚለው ስም ከሰውዬው አልፎ የሥራው መጠሪያ እስኪሆን ድረስ ደረሰ፤ ትንሽ የተዋበች ጥግ ሁሉ በዚያ ስም ተጠራች።

ብዙ ሰው ከዚያ ዘመን የሚያስታውሰው አበባውንና ዘፈኑን ነው። እኔ ግን የሚበልጠው ሌላው ነገር ይመስለኛል፦ ሥራ አጥ ተብለው መንገድ ዳር ይቀመጡ የነበሩ ልጆች ያቺን ጥግ የእኛ ናት ማለታቸው። አጥር ያጥራሉ፣ ውኃ ያጠጣሉ፣ ሊሸና የቆመውን ይገስጻሉ። ጠባቂ ያላት ጥግ በማግስቱም ንጹህ ነበረች። ልጆቹ አድገው ኑሮ ወደየፊናቸው ሲበትናቸው፣ መንገድ ሲሰፋ፣ ቦታው ለሌላ ሥራ ሲፈለግ፣ ብዙዎቹ ጥጎች ጠፉ። በወረቀት ላይ ማን ይረከባቸው የሚል ነገር አልነበረም።

ከደጅ የተነሣው ቆሻሻ ታሪክ ደግሞ ወደ ቆሼ ይወስዳል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የከተማዋ ጥራጊ ሁሉ ወደዚያ ሲጫን ኖሯል፤ መጀመሪያ ከከተማ ዳር የነበረው ሜዳ ከተማው ደርሶ ሲከበው 36 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን ተራራ ሆነ። ተራራው ላይ እየለቀሙ የሚኖሩ፣ ሥሩም ጎጆ የቀለሱ ሰዎች ነበሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ፤ ከሞቱት የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ የቆሻሻ ማረፊያ ተከፍቶ ነበር፤ በዙሪያው ያሉ አርሶ አደሮች ሽታውንና የውኃቸውን መበከል ተቃውመው በወራት ውስጥ ተዘጋና መኪናው ሁሉ ወደ ቆሼ ተመለሰ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ እዚያው አጠገብ ተመረቀ። በቀን እስከ 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። ግን እንዲህ ያለ ጣቢያ የሚወደው ደረቅ ነገር ነው፤ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ደግሞ ከግማሽ በላዩ የጓዳ ትርፍ ነው፦ የጎመን ግንድ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ።

እሁድ ጠዋት ጓንት አጥልቀው የሚጠርጉ ወጣቶችን ሳይ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ከቦሌ የተነሣው ማዳበሪያ ሙሉ ጥራጊ አይተንም፤ የሌላ ሰው ደጅ ነው የሚያርፈው። ወንዞቹም እንዲሁ ናቸው። ቀበናን፣ ግንፍሌን፣ ባንተይቀጡን ለማጽዳት በየጊዜው ሰው ይወጣል፤ ከዳርቻቸው ፌስታልና ጨርቅ በማዳበሪያ ይለቀማል። የመጸዳጃ ቤት ቱቦ በቀጥታ የተለቀቀበት ወንዝ ግን በለቀማ አይጸዳም። ውኃው ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ጣሊያን ወደ ሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል፤ ግድቡም ከጣና በፊት እምቦጭን ያየ ነው። በመንገዱ ላይ ደግሞ ሰላጣና ቆስጣ ይለማበታል፣ ተመልሶ ገበታችን ላይ ይቀርባል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 29 ቢሊዮን ብር ተገምቶለት የወንዝ ዳርቻዎችን ለማልማት ሲነሣ፣ የነገሩ ክብደት ከጓንትና ከመጥረጊያ በላይ መሆኑን መንግሥትም ማመኑ ነበር። ለአይን የሚታየው ዳርቻ አምሯል፤ የፍሳሽ መስመሩ ሥራ ግን ሪባን የሚቆረጥለት ዓይነት ስላልሆነ ዘገምተኛ ነው።

ዛፍ ላይ ታሪካችን ይሻላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። አፄ ምኒልክን የማገዶ እጥረት ከዋና ከተማቸው ወደ አዲስ ዓለም ሊያስነሣቸው ደርሶ ነበር፤ በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ተስፋፍቶ ከተማዋን አስቀራት። ባሕር ዛፉ ማገዶና ማገር ሆነ፤ በሥሩ ሣር አያበቅልም፣ ውኃም ይጠጣል የሚለው ሮሮ የመጣው ኋላ ነው። ይህን ለማረም ከተነሡት አንዱ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ሲሆን፣ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉን እየቀነሰ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ ሲመልስ ቆይቷል። በአባላት መዋጮና በፈቃደኞች ጉልበት የተጀመረ ሥራ ነው፤ ችግኙ ከተተከለ በኋላ ጥበቃና ኩትኳቶ አለው። ዜና የማይሆን፣ አሰልቺ፣ የዓመታት ሥራ።

የአገር አቀፉ የችግኝ ተከላ ዘመቻ፣ የአረንጓዴ ዐሻራ፣ ነገር ከዚህ ጋር ሲተያይ መልኩ ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ ተነገረ፤ ከየቤቱ የወጣው ሰው ብዛትና ደስታው ሐሰት አልነበረም። ግን የተከላ ቁጥር በዚያው ምሽት ይነገራል፣ የጸደቀው ቁጥር ሦስት ክረምት ይጠይቃል። መጋቢት ላይ ፀሐዩ ሲከር ችግኝ የሚያጠጣ ሰው ካሜራ አይከተለውም። ቆጠራው የጸደቀውን ቢያስቀድም ኖሮ በጎ ፈቃደኛው ክረምት ላይ ብቻ አይጠራም ነበር፤ በበጋም ባልዲ ይዞ ይወጣል።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. ማብቂያ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተሰኘው ከመኪና ነጻ ቀን ሌላ ጠባይ ነበረው። በወር አንድ እሁድ ዋና ዋና መንገዶች ለእግረኛ ይለቀቃሉ፤ ሰው ይሮጣል፣ ልጆች ብስክሌት ይለማመዳሉ። አየሩ ላይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፣ ሰኞ ታክሲው እዚያው ነው። ይሁንና አብዛኛው ነዋሪዋ በእግሩ የሚሄድ ከተማ መንገዷን ለማን እንደሠራች በአደባባይ አስጠይቋል።

አካባቢን የሚጠብቁ ግን በጎ ፈቃደኛ የማይባሉም አሉ። «ቆራሌው!» እያለ ሰፈር ለሰፈር የሚዞረው ልጅ ጠርሙሱን፣ ቆርቆሮውን፣ ያረጀ ጫማውን ይገዛል፤ ዕቃው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርስና ሌላ ሕይወት ያገኛል። በማኅበር ተደራጅተው ቤት ለቤት ጥራጊ የሚሰበስቡ ሴቶችና ወጣቶች አሉ፤ ክፍያቸው ነዋሪው ከውኃ ሂሳብ ጋር ከሚከፍለው የጽዳት ገንዘብ ይወጣል። የከተማዋን ጀርባ የተሸከሙት እነዚህ ናቸው። የዘመቻ ቀን ቲሸርት ሲታደል ግን የሚያስታውሳቸው የለም።

እዚህ ላይ ሕጉም የራሱ ድርሻ አለው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ መለኪያው ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር እንዳይሳሳ የሚል ነው። ጉልት ላይ ቲማቲም የምትመዝን እናት ሚሊ ሜትር የምትለካበት መሣሪያ ስለሌላት ዐዋጁ ወረቀት ላይ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ ዐዋጅ ይህን ውፍረት የመለካት ጣጣ ትቶ የፕላስቲክ ፌስታልን እንዳለ ይከለክላል፣ ይዞ የተገኘም ይቀጣል። ዘንቢልና አቁማዳ ያላት አገር ናትና መተኪያው ብዙ አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው የፌስታል ዋጋ ከሁሉም የረከሰ መሆኑ ነው።

እንግዲህ በጎ ፈቃደኛው የት ቢቆም ይጠቅማል? መልሱ ከጓዳ የሚጀምር ይመስለኛል። የከተማዋ ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ከሆነ፣ እርጥቡን ከደረቁ ቤት ውስጥ መለየትና በየግቢው ወይም በየኮንዶሚኒየሙ ጓሮ ፍግ ማድረግ የቆሼን ጭነት በብዙ ይቀንሳል። ሥራው ቴክኖሎጂ አይፈልግም፤ ሁለት ባልዲ፣ አንድ ጉድጓድ፣ ጎረቤት የሚያስተባብር ሰው። ዕድሮች ድንኳንና ወንበር የሚያስተዳድሩበት ልምድ አላቸው፤ ለቀብር ገንዘብ በየወሩ የሚሰበስብ ማኅበር ለፍግ ጉድጓድ ተራ ማውጣት አያቅተውም። ሞክረው ያቆሙ ቤቶች የሚያነሱት ቅሬታ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ለሁለት ለይተው ያወጡት ሲወሰድ አንድ ጋሪ ላይ ይደባለቃል። እዚህ ጋ ፈቃደኛው ያለ ማዘጋጃ ቤቱ ብቻውን አይሻገርም። እርጥቡና ደረቁ በየተራ የሚነሣበት ቀን ይወሰን፣ ሰብሳቢ ማኅበራቱም ለይተው ላመጡት የተሻለ ይከፈላቸው፤ የሁለቱም ውሳኔ የከተማ አስተዳደሩ ነው፣ ለሁለቱም ዘመቻ መጥራት አያስፈልግም።